ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ

የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራችን ቢሮ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ነው። ከታች ጎማ ሲነፋ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ሻምበሉ ንግግሩን አቋርጦ ይጠብቃል፤ ጩኸቱ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለ ወረራው መጽሐፍ ይጻፍ ተብሎ የተወሰነው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ሻምበሉ በወረራው ጊዜ አዛዣችን ነበር፤ ዛሬ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። መጽሐፉን የምታዘጋጀው ደግሞ አንዲት የታሪክ መምህርት ናት። ወጣት ናት፤ አባቷ ከእኛ አንዱ ነበር። "የትልልቆቹን ሰዎች ነገር ሌሎች ጽፈውታል፤ እኔ የምፈልገው እያንዳንዳችሁ በዓይናችሁ ያያችሁትን ነው" አለችን። ሰባት ጥያቄዎች በወረቀት አዘጋጅታለች። ሰብሳቢው ከቤት ቤት እየዞረ ይጠይቃል፣ የተነገረውን ይጽፋል፣ የጻፈውን ለተናጋሪው መልሶ ያነብለታል። ተናጋሪው ሰምቶ ሲያበቃ በየገጹ ይፈርማል። ሳይነበብለት የሚፈርም ሰው አይኖርም። ይህችን ሕግ ሦስት ጊዜ ደገመቻት።

"ታዲያ ማን ይዙር?" አለች።

"ቆጣሪው ነዋ!" አለ ልብስ ሰፊው ከኋላ። "እግሩ እንደሆነ መቆም አይወድም።"

ቆጣሪው እኔ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። የከተማውን በር ሁሉ አውቃለሁ። የትኛው ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው ለወግ ብቻ እንደሚጮህ አውቃለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ግን ይነበባል። እሺ አልኩ። ለመጽሐፉ አስቤ አልነበረም እሺ ያልኩት። ሌላ ሰው ቢዞር ምን ሰምቶ እንደሚመለስ ስለማላውቅ ነው።

ልንበተን ስንል መምህርቷ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች።

"አንድ ማመልከቻ ደርሶኛል። ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር አለ አይደል? አንዲት ሴት የወንድሜ ስም ይግባልኝ ብላለች። ስልከኛ ነበር። ፉጨት ትሉት ነበር አሉ።"

ከታች ጎማ የሚነፋ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ግን ዝም አለ።

"ፉጨት አልሞተም" አለ ሻምበሉ። "ከድቷል። የከዳ ሰው ስም ከሞቱት ጋር አይጻፍም።"

"ሬሳው ተፈልጎ ነበር?"

"ያልሞተ ሰው ሬሳ ከየት ይመጣል?"

አንዳንዶቹ ሳቁ። መምህርቷ አልሳቀችም። "ሲሞት ያየው ወይም ሞቶ ያየው ሰው ከመሰከረና ከፈረመ አስገባዋለሁ። ካልሆነ አላስገባም። ረቂቁ ማተሚያ ቤት የሚገባው የዛሬ ስድስት ሳምንት ቅዳሜ ነው" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎም ስልከኛ ነበሩ ሲሉ ሰማሁ፣ አባባ። አብራችሁ ነበራችሁ?"

"አብረን ነበርን።"

"እውነት ከድቷል?"

"እኔ ስደርስ አልነበረም" አልኩ።

ይህችን ቃል አርባ አራት ዓመት ስናገራት ኖሬአለሁ። በጣም ከመለማመዴ የተነሳ ድምፄ እንኳ አይቀየርም። እውነቱ ግን፣ አልደረስኩም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማዘዣ ጣቢያችን የጡብ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ድልድዩን የሚጠብቁ ሠላሳ አንድ ሰዎች ከፊት ነበሩ። በመካከል አራት ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ በበቆሎ ማሳ ውስጥና በመንገድ ዳር ተዘርግቷል። እኩሌታው ላይ አንድ የፈረሰ ወፍጮ ቤት ነበር። ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለው መስመር የፉጨት ነው። ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ እስከ ፋብሪካው ያለው የእኔ ነው። ስልኩ ሲሞት እሱ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ ተነስተን ሽቦውን በእጃችን ውስጥ እያሳለፍን እንሄዳለን። የተቆረጠውን ያገኘ ይቀጥላል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ተገናኝተን አንዲት ሲጋራ ለሁለት አጭሰን እንመለሳለን።

በቀጠልነው ቋጠሮ ሁሉ ላይ ምልክት ማሰር ግዴታ ነበር። ለክብር አልነበረም። ቋጠሮው የላላ እንደሆነ የማን እጅ እንደሆነ ታውቆ እንዲቀጣ ነው። የእኔ ጥቁር የጫማ ክር ነበር። የፉጨት ከብርድ ልብስ ጠርዝ የቀደደው ቢጫ ጨርቅ ነበር፤ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ጫፉን ወደ ውስጥ ይወትፈዋል። "ቢጫ ያደረግኩት ሊቀጡኝ ሲመጡ እንዳይቸገሩ ነው" ይል ነበር። ሽቦ ሲዘረጋ ያፏጫል፤ ሲላጭ ያፏጫል፤ አለቃ ሲቆጣው ብቻ ነው ዝም የሚለው፣ እሱም ከንፈሩን አሹሎ ነው።

ወረራው የተጀመረ ዕለት፣ ማለዳ ላይ፣ መድፉ ድልድዩን መታ። ረፋዱ ላይ ስልኩ ሞተ። ሻምበሉ አፈግፍጉ የሚል ትእዛዝ ከላይ ደርሶታል፤ ለድልድዩ ሰዎች መንገር አለበት። "ሂድ ቀጥል!" አለኝ። ፒንሳዬንና የሽቦ ጥቅሌን ይዤ ወጣሁ። ስምንት መቶ እርምጃ ያህል ሄድኩ። የመድፍ ጥይት ከፊቴ ወደቀ። ከመንገዱ ሥር የጎርፍ ማውረጃ ቱቦ ነበር፤ ገባሁ። ጋብ ሲል እወጣለሁ አልኩ። ጋብ አለ፤ አልወጣሁም። ደግሞ ጋብ አለ። የተቆረጠው ጫፍ ከቱቦው አፍ ሃያ እርምጃ ላይ፣ ቀና ብሎ ቆሞ፣ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር። እሱን ለመቀጠል ሁለት ደቂቃ ይበቃኛል። ጀምበር እስክትጠልቅ ድረስ ሳየው ዋልኩ።

ከሠላሳ አንዱ የተመለሱት ስድስት ናቸው። ፉጨት አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ጠላት ቦታውን አምስት ወር ያዘው፤ የሞተውን ሁሉ በአንድ ጉድጓድ ቀበረው። ትእዛዙ ለምን እንዳልደረሰ የሚያጣራው መኮንን ሲጠይቀኝ፣ "ከእኔ በኩል ያለውን ጨርሼ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄድኩ፤ እኔ ስደርስ አልነበረም" አልኩ። ከድቷል ብዬ አላውቅም። ከድቷል ያሉት ሌሎች ናቸው። እኔ ሲሉ ሰማኋቸው፤ ዝም አልኩ።

የፉጨት እህት እዚሁ ከተማ ናት። ለሆቴሎችና ለሐኪም ቤት አንሶላ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ቆጣሪዋ ከማጠቢያው ገንዳ ጀርባ ስለሆነ ግቢዋ ድረስ መግባት ነበረብኝ። በየወሩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። በሩ ላይ አንድ ሰሞን በጥቁር ቀለም "የከሃዲ ቤት" ተብሎ ተጽፎ ነበር። አረንጓዴ ቀባችበት። ፀሐይ ስታርፍበት ግን ፊደሉ ከሥር ይታያል። ታጭታ ነበር፤ እጮኛዋ ተዋት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን ስጽፍ ከጀርባዬ መጥታ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ አብረውት ነበሩ። እውነት ጥሎ ሄደ?" አለችኝ። ቀና ሳልል፣ "እኔ ስደርስ አልነበረም" አልኳት። "እሺ" አለች። "በሩን ገፋ አድርገው ይዝጉት፤ ውሻ ይገባል።"

አምስት ሳምንት ዞርኩ። ሽማግሌ ሲናገር ደስ ይላል፤ ችግሩ ማቆሙ ላይ ነው። ወጥ ቤት የነበረው ሰውዬ ጥያቄ አራት ላይ፣ "በዚያ ቀን ከሁሉ የበለጠ የፈራኸው ምንድን ነው?" ስለው፣ "ሻምበሉን" አለኝ። ጻፍኩት። ሾፌሩ ዘንድ ስሄድ ስንት ታንክ እንዳየ ጠየቅኩት።

"ባለፈው ዓመት ስንት ብዬህ ነበር?"

"አሥራ ሁለት።"

"አሥራ አራት አድርገው። መጽሐፍ ነው እኮ።"

አሥራ አራት ብዬ ጻፍኩ። ስጨርስ እንደ ሕጉ አነበብኩለት። አሥራ አራቱ ጋ ስደርስ ፊቱን አዞረ። ሚስቱ ጓዳ ሆና ሳቀች። "ቆይ ቆይ" አለኝ። "ከሰው አፍ ሲሰሙት ሌላ ነው ለካ። ሰባት በለው።" ሰባት ብዬ ስጽፍ፣ "አምስት በለውና ተወኝ" አለ።

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ስለ ሾፌሩ ነበር። የእኔን ያነበበልኝ ሰው አልነበረም።

ከሾፌሩም ከወጥ ቤቱም ከሌሎቹም ዘንድ አንድ ነገር አይቀርም። ስለ ድልድዩ ሲነሳ፣ "ያ ፉጨት የሚሉት ከሃዲ መስመሩን ጥሎ ሄዶ ነው ሰዉ ያለቀው" ይላሉ። የሚያውቁትም የማያውቁትም ይላሉ። አሥራ አንድ ጊዜ በእጄ ጻፍኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አሥራ አንዱም ፈረሙ። አንዳንዱማ፣ "አንተ እንኳ የሞትክ መስሎን ነበር፤ እግዜር አተረፈህ" እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ልብስ ሰፊውን ወደ መጨረሻ አቆየሁት። ከስድስቱ አንዱ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ አይታጠፍም፤ የስፌት መኪናውን በግራው ብቻ ይረግጣል። "ስፌቴ ወደ ግራ ካዘነበለ ጥፋቱ የጠላት ነው" ይላል ለደንበኞቹ። የእኔን ሱሪ ሠላሳ ዓመት ያሳጥርልኛል።

"ጻፍ" አለኝ፣ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ። "እስከ ቀትር ድልድዩን ያዝን። ስልኩን ብናዞር ብናዞር አይመልስም። መቶ አለቃው፣ ሳንታዘዝ አንነቃነቅም አለ። ፉጨት ልቀጥለው ብሎ ወጣ። እያፏጨ ነው የወጣው፣ ውሻ! በዚያው ቀረ።"

"ውሻ የሚለውንም ልጻፈው?"

"ጻፈው። አድምቀህ።"

ጻፍኩት።

"ከቀትር በኋላ እግሬን መታኝ። በቆሎው ውስጥ እየተሳብኩ ወደ ኋላ መጣሁ። ወፍጮ ቤቱን አለፍኩ። ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ላይ አቃተኝ። ሁለት የአጥር እንጨት አገኘሁ፤ እግሬን ከእንጨቱ ጋር የማስርበት ነገር የለም። የስልክ ሽቦ መሬት ላይ አየሁ። በካራዬ ቆርጬ ጠፍሬ አሰርኩበት። ሐኪሞቹ፣ እግርህን ያተረፈው እሱ ነው ብለውኛል። ሊጥሉት ሲሉ ነጠቅኳቸው።"

ከመኪናው ሥር የቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮ ሳበ። ቁልፎቹን በእጁ ገፋ ገፋ አድርጎ ከሥር አወጣው። ክንድ ተኩል የሚሆን ጥቁር ሽቦ። መሃሉ ላይ ቋጠሮ አለው። ቋጠሮው ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ጨርቁ በደምና በዘመን ጠቁሮ ቀለሙ አይለይም። ሁለት ዙር ነው። ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፏል።

እጄ ላይ የነበረው ብዕር አላቆመም። ምን እንደጻፍኩ ኋላ ሳየው አንድ መስመር ሙሉ ፊደል የሌለው ጭረት ነበር።

"እዚያ ቦታ ሰው ነበር?" አልኩት።

"አንድ የሞተ ነበር። በግንባሩ ተደፍቷል። ልብሱ የእኛ ነው። ሽቦው እጁ ሥር ነበር፤ ከእጁ ሥር ስቤ ነው የወሰድኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ላገላብጠው አቅም አልነበረኝም።"

"ማን ይመስልሃል?"

"ከእናንተ ከፋብሪካው በኩል የመጣ ሰው ነው ብያለሁ። ቦታው የእናንተ አይደል?"

"ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?"

"አንተ ሰውዬ፣ በደረትህ ተስበህበት ታውቃለህ? እያንዳንዱን ድንጋይ ብትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።"

ልብስ ሰፊው ስልከኞች ምልክት እንደሚያስሩ አያውቅም። ያ የእኛ የሁለታችን የሥራ ነገር ነው። ፉጨት የራሱን መስመር ጨርሷል። ወፍጮ ቤቱ ደርሷል። ጠብቆኛል። ስቀርበት የእኔን መቀጠል ጀምሯል። የሞተው የእኔ መስመር ላይ ነው፤ እኔ ቱቦ ውስጥ ሆኜ የቀረችውን አንዲት ቁርጥ ሳይ።

"ለመጽሐፉ ፎቶ ይነሳ፤ አውሰኝ" አልኩት።

"መልሰህ አምጣ። ከሚስቴ በፊት ነው የማውቀው" አለ።

ሁለት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ሻምበሉ ቤት ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ ቲማቲም እየኮተኮተ ነበር። ቆሜ ነገርኩት። ቱቦውን ነገርኩት፤ ሽቦውን አሳየሁት። መኮትኮቱን ሳያቆም ሰማኝ።

"ይህን ማን ያውቃል?"

"እርስዎና እኔ።"

መኮትኮቻውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈበት። "ትእዛዙ ለምን አልደረሰም ብለው ሲጠይቁኝ ፉጨት አልኩ። ባንተ ቃል ነው ያልኩት። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ምን ልበል? የላክሁት ሰው ቱቦ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ እኔም ሁለተኛ ሰው ሳልልክ መኪና ላይ ወጣሁ ልበል?"

ሁለተኛ ሰው አለመላኩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

"ስማኝ" አለ ድምፁን አለስልሶ። "ሴትዮዋ የምትፈልገው ስሙን ነው አይደል? ስሙ ይግባላት። ልብስ ሰፊው ሬሳ አይቷል። ሬሳው የፉጨት ነበር የምትል አንዲት መስመር ጨምርና አስፈርመው። እሷ ታርፋለች፤ አንተም ታርፋለህ።"

"ፊቱን አላየሁም ነው የሚለው።"

"ፈጠን አድርገህ አንብብለት። ማን ልብ ይላል?"

እፎይ አልኩ። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። ስሙ እንዲገባ፣ እኔ ሳልጋለጥ፣ ሁሉም በአንዲት መስመር እንዲያልቅ ሲነግረኝ እፎይ ነው ያልኩት። ቲማቲም ሰጠኝ፤ ተቀብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ሱቅ ተቀምጬ ቃሉን አነበብኩለት። እሱ ጨርቅ እያስገባ ይረግጣል፣ እኔ አነባለሁ። ወደዚያች መስመር ስደርስ አልፈጠንኩም መሰለኝ፤ ወይም ፈጥኛለሁ። መኪናዋ ቆመች።

"ቆይ። መልሳት።"

"የቷን?"

"ደንቆሮ አታስመስለኝ። መልሳት።"

መለስኳት። "ሬሳውን ሳየው ፉጨት መሆኑን ለየሁት።"

"ይህን እኔ አልኩ?"

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አወረድኩት።

"ፊቱን አላየሁም አልኩህ። ፉጨት ከድቷል አልኩህ። አንተ ነህ ፉጨት ነው የምትለው። እንዴት አወቅክ?"

ሽቦውን ከኪሴ አውጥቼ መኪናዋ ላይ አስቀመጥኩት። ስለ ቢጫው ጨርቅ ነገርኩት። ከዚያ ስለ ቱቦው ነገርኩት። ሃያውን እርምጃ ነገርኩት። ሁለቱን ደቂቃ ነገርኩት። ሱቁ በር ላይ አንዲት ሴት ቀሚስ ይዛ መጣች፤ "ነገ ተመለሺ" አላት ሳያያት።

የተዘረጋውን እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ አዛወረው።

"ሠላሳ ዓመት" አለ። "ሱሪህን ስለካ ይህን እግር መንገድ ላይ ዘርግቼ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ እግርህ ሥር ነው የምለካው። ከላይ ሆነህ ስታየኝ ምን ትል ነበር በልብህ?"

"ቶሎ እንድትጨርስ እጸልይ ነበር" አልኩ። እውነቴን ነው።

አልሳቀም። "ያቺን መስመር ሰርዛት። ያልኩትን ብቻ ተው፤ የሞተ ሰው አየሁ፣ ሽቦው እጁ ሥር ነበር። እሷን እፈርማለሁ።" ሰረዝኳት። ፈረመ። ብዕሩን ሲመልስልኝ፣ "ውሻ የሚለውን አትሰርዘው" አለ። "ስሙን ብቻ ቀይረው።"

ሽቦውን ወደ እኔ ገፋው። "ለእህቱ ስጣት። የእኔ መስሎኝ ነበር። ሱሪህን ደግሞ ከእንግዲህ ሌላ ቦታ አሳጥር።"

ዓርብ ጠዋት ከጎማ ቤቱ በላይ መምህርቷን አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ከታች ጎማ ሲነፋ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ እስኪያቆም ጠበቅን። "የልብስ ሰፊው ቃልና የእርስዎ ቃል አንድ ላይ ከተፈረሙ ስሙ ይገባል" አለች። "ሻምበሉ ቢቆጡም ይገባል። የእርስዎን ይጻፉና ነገ ሳይመሽ ያምጡልኝ።" ከዚያ፣ "ግን ለተናጋሪው መነበብ አለበት። የእርስዎን ማን ያነብልዎታል?" አለች።

"ራሴ አነባለሁ" አልኩ። "የሚሰማው ሌላ ሰው ነው።"

ቃሌ ሦስት ገጽ ሆነ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አረንጓዴውን በር አንኳኳሁ። እህትየው አንሶላ እየተኮሰች ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተጣጠፈው ክምር እስከ ደረቷ ይደርሳል።

"ጋሼ ቆጣሪው! ጡረታ ወጥተዋል ሲሉ አልነበር? አዲሱ ልጅ አንብቦ ሄዷል እኮ፤ ቁጥሩ እንኳ የተምታታበት ይመስለኛል።"

"ቆጣሪ ላነብ አልመጣሁም፣ እህቴ። ይህን ላነብልሽ ነው። አንቺ ሳትሰሚው አልፈርምም።"

ወረቀቶቹን አየች። "ተቀመጡ" አለች።

ቆሜ አነበብኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ መተኮሷን አላቆመችም። ቱቦው ጋ ስደርስ ካውያውን አቁማ አስቀመጠችው። አላየችኝም፤ አንሶላውን ነው የምታየው። ስለ ልብስ ሰፊው ሳነብ ሽቦውን አውጥቼ አንሶላው ላይ አኖርኩት። ነጭ ስለነበር ሽቦው በጣም ቆሻሻ መሰለ።

"የቱ ነው ቢጫው?"

"ይኸው ጨርቁ።"

"ይሄ ጥቁር ነው።"

"ቢጫ ነበር።"

"በማን ቃል? በእርስዎ?"

"በእኔ ቃል።"

"የእርስዎን ቃል እንኳ አውቀዋለሁ" አለች። "አርባ አራት ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ።"

ከቀሚሷ አንገት መርፌ ቁልፍ ነቀለች። የተወተፈውን ጫፍ በቀስታ ፈለቀቀችው። ጨርቁ ሊበጣጠስ ደረሰ፤ ትንፋሿን ይዛ ቀጠለች። ከሥር፣ ፀሐይም ደምም ያልነካው የጥፍር ያህል ቦታ ወጣ። ቢጫ ነበር።

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

"የእናቴ ብርድ ልብስ ነው" አለች። "ለፈቃድ መጥቶ ሲመለስ ጠርዙ ተቀዶ ተገኘ። አንቺ ነሽ ብላ እኔን ገረፈችኝ። አይደለሁም ብል ማን ሊሰማኝ።" ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፏ ወጣና ቆመ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "ጨርሰህ አንብብ።"

አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ። አነበብኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ እዚሁ ግቢዋ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ያልኳትን ጽፌአለሁ። እሱንም አነበብኩት።

"ፈርም" አለችኝ።

ሦስቱንም ገጽ ፈረምኩ።

"ምን ፈልገህ ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው? ይቅር እንድልህ ነው?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም።" ካውያውን ከግድግዳው ነቀለች። "መጽሐፉ መቼ ነው የሚወጣው?"

"ስድስት ወር ይፈጃል አሉ።"

"ስድስት ወር። እዚህ ሰፈር ውስጥ መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነብ ሰው ታውቃለህ? በየቤቱ ገብተህ ታውቃለህ አይደል፤ መጽሐፍ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም።" ሽርጧን ፈትታ አንሶላው ክምር ላይ ጣለች። ሽቦውን አነሳች። "ተነስ። ከቤት ቤት መዞር ታውቅበታለህ።"

ቆሜ ነበር፤ ጭራሽ አልተቀመጥኩም። ወረቀቶቼን ይዤ ተከተልኳት። በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁ። መንገዱ ላይ ሰው ነበር፤ ውሃ የሚቀዳ፣ በር ላይ የተቀመጠ። ቀጥ ብላ ተሻግራ ፊት ለፊት ያለው ቤት ቆመች። ያ ቤት እጮኛዋ የነበረው ሰው ቤት ነው። ቆጣሪው በስተግራ፣ ከበርሜሉ ጀርባ ነው። ውሻው ይጮሃል እንጂ አይናከስም።

"ከዚህ እንጀምር" አለች። "ከዚያ እስከ መንገዱ ጫፍ። ቀኙን ጨርሰን ግራውን።"

አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"ቆጣሪው ነኝ።"

ሰውዬው በነጠላ ጫማ ወጣ። ፀጉሩ እንደ እኔ ሸብቷል። መጀመሪያ እኔን አየ፤ ከዚያ ከኋላዬ እሷን አየ፤ እጁ በሩ ላይ ቀረ። በቦታው ከማንም በላይ የማፍረው እኔ ነኝ፤ ሆኖም አንገቱን የደፋው እሱ ነበር። ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ።

"ስልከኛ ነበርኩ" ብዬ ጀመርኩ። "ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ያለው መስመር የእኔ ነበር።"

"አይሰማም" አለችኝ ከኋላዬ። "ጮክ በል።"

ውሃ የሚቀዱት ዞር አሉ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።